የቤቢ ሻወር ጠረጴዛ ሲመረመር፦ ለፎቶ የተመረጠ ስጦታ እና ለሕፃኑ የተመረጠ ስጦታ

ቦሌ አካባቢ በቅርቡ ቤቢ ሻወር ተጠርታችሁ ከሆነ ጠረጴዛውን ታውቁታላችሁ። ከኋላ የፊኛ ቅስት፣ መሃል ላይ ባለ ደርብ ኬክ፣ ዳር ላይ ደግሞ በሪባን የታሰረ የስጦታ ክምር። ወንድ ከሆነ ሰማያዊ፣ ሴት ከሆነች ሮዝ። ነፍሰ ጡሯ መሃል ትቀመጣለች፣ ጓደኞቿ ይከቧታል፣ ፎቶ ይነሳል። ደስ ይላል። ድግሱን የሚጠላ ሰው ካለ ይህ ጽሑፍ ጠበቃው አይሆንለትም።

እኛ መመርመር የፈለግነው ክምሩን ነው። መጽሐፍ ወይም ፊልም እንደሚተቸው ሁሉ የስጦታ ጠረጴዛም ሊተች ይችላል። የመረጠው ሰው አለ፣ የተመረጠበት ምክንያት አለ፣ የሚደርሰው ሰው አለ። የዚህኛው ልዩነት ዋናው ተቀባይ አስተያየት መስጠት አለመቻሉ ነው። ገና አልተወለደማ!

ትችታችንን ከወዲሁ እንናገረው። በጠረጴዛው ላይ ካለው ብዙው ዕቃ የተመረጠው ለዓይን ነው። ጥቂቱ ራሱ አደጋ ይዞ ቤት ይገባል። በቤቱ ውስጥ ላለው እውነተኛ አደጋ ደግሞ ማንም ምንም አልጠቀለለም። እንዴት? አብረን እንየው።

ስጦታው ጊዜውን ሲቀይር

በእኛ ባህል የወላድ ስጦታ የሚመጣው ከወሊድ በኋላ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ይገባል፤ ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይሞቃል፣ ዶሮ ይታረዳል። አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ ሌላዋ ትልልቆቹን ልጆች ትይዛለች። ልብ በሉ፦ ስጦታው የሚያርፈው እናትየው አካል ላይ ነው። ደም የፈሰሳት፣ እንቅልፍ ያጣች፣ የምታጠባ እሷ ናትና።

ቤቢ ሻወር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የተስፋፋ ልማድ ነው። ስጦታውን ከወሊድ በፊት አመጣው፤ ከእናትየው ወደ ዕቃው አዞረው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ወጪ ያግዛል። ግን ሰጪው ሕፃኑን አያውቀውም፣ ምን እንደሚጎድል አላየም። ስለዚህ የሚያምረውን ይመርጣል።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ጠባይ ይጨመራል፤ ይሉኝታ። በአገራችን ስጦታ ሲሰጥ «ይሄ አይሆነኝም» አይባልም። እናትየው ዕቃውን ባትወደው እንኳ፣ የሰጠቻት አክስት ለጥየቃ ስትመጣ ልጁ ላዩ ላይ ካልታየ ቅር መሰኘት ይመጣል። እናም መጥፎ ስጦታ አይጣልም፤ ጥቅም ላይ ይውላል። የማጣራቱ ኃላፊነት ከተቀባይ ይልቅ ሰጪው ትከሻ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ያማረው አልጋ

ከአትላስ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት ባሉ የሕፃናት ዕቃ መሸጫዎች በጣም የሚያምረው ሙሉ የአልጋ ዕቃ ነው፦ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት፣ በአልጋው ዙሪያ የሚታሰር ለስላሳ መከለያ፣ ማለትም ባምፐር። ሻጩ ባምፐሩን «ጭንቅላቱ እንዳይመታ» ብሎ ይሸጠዋል። ምክንያቱ ሲሰማ ልክ ይመስላል አይደል?

ሳይንሱ ግን ተቃራኒውን ይላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የሰውነቱን ርዝመት ሩብ ያህላል፤ የአንገቱ ጡንቻ ግን ገና አልጠነከረም። ፊቱ ለስላሳ ነገር ላይ ሲደፋ ቀና ብሎ ማምለጥ አይችልም። ያወጣውን አየር መልሶ ይስባል፤ ኦክስጅኑ እየቀነሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ሲሆን ድምፅ የለም፣ ልቅሶ የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 «ሕፃንን በጀርባው አስተኙ» የሚል ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ደግሞ ባምፐርም ሆነ ተዳፋት የሕፃን መኝታ እንዳይሸጥ በሕግ ተከልክሏል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክር አጭር ነው፦ በጀርባ፣ ጠንከር ባለ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ አሻንጉሊት፣ ከወላጆች ጋር በአንድ ክፍል ግን በራሱ መኝታ።

«እኛ አገር እኮ ልጅ ከእናቱ ጋር ነው የሚተኛው፤ ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፤ ብዙው ቤት እንዲያ ነው፣ ለማጥባትም ይመቻል። ግን የአየሩ ሕግ አገር አይለይም። አብሮ ለሚተኛ ሕፃን ከባድ ብርድ ልብስና ትራስ ይበልጥ ያሰጋዋል፤ ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የጥቅምት ብርድ ከመጣ መፍትሔው ድርብርብ ጋቢ ሳይሆን ልኩ የሆነ ሙቅ የሌሊት ልብስ ነው። ከሙሉ የአልጋ ዕቃው ይልቅ ሁለት ልከኛ አንሶላና ሦስት የሌሊት ልብስ ብትሰጡ በፎቶ ላይ ያንሳል፤ ለልጁ ግን ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያው ሻንጣ ውስጥ አይገባም

የቦሌ ቤቢ ሻወር ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሞልቶ ይመጣል። «የአሜሪካ ዕቃ ነው» ከተባለ ማንም አይመረምረውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፊሸር ፕራይስ «ሮክ ኤንድ ፕሌይ» የተባለውን ተዳፋት የሕፃን ማስተኛ ለአሥር ዓመት ያህል ሸጧል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019፣ ከ30 በላይ ሕፃናት መሞታቸው ከተነገረ በኋላ፣ 4.7 ሚሊዮን የሚሆን ዕቃ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ችግሩ ግልጽ ነበር፦ ሕፃኑ ሲያንቀላፋ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ አገጩ ደረቱን ይነካል፣ ቀጭኑ የአየር ቧንቧ ይታጠፋል። ወይም ተገልብጦ ፊቱ ይደፋል።

እዚያ ማሳሰቢያው በዜና ይነገራል፤ ባለቤቱ ያነባል። ዕቃው ግን አንዴ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ቦሌ ካረፈ በኋላ ማን ይነግረዋል? ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከእህት ወደ እህት ይዞራል። ስለዚህ ከውጭ ዕቃ የምትልኩ ዘመዶች ሆይ፣ ያገለገለም ሆነ አዲስ፣ የሞዴል ቁጥሩን በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዎከር፦ የሚወደድ አደጋ

ከስጦታዎች ሁሉ ተወዳጁ ዎከር ነው። ሙዚቃ አለው፣ መብራት አለው፣ ልጁን «ቶሎ ያስኬደዋል» ይባላል። ካናዳ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 መሸጡንም ማስገባቱንም ከለከለች።

ለምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2018 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ1990 እስከ 2014 በአሜሪካ ከ230,000 በላይ ዕድሜያቸው ከ15 ወር በታች የሆኑ ሕፃናት በዎከር ምክንያት ድንገተኛ ክፍል መግባታቸውን ገምቷል። ከእነዚህ 90.6 በመቶው ጭንቅላታቸው ወይም አንገታቸው ላይ ነው የተጎዱት፤ 74.1 በመቶው የወደቁት ከደረጃ ላይ ነው። ዎከር ላይ ያለ ሕፃን በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል። እናቱ «እረ!» እስክትል ደረጃው ጋ ደርሷል።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ ሰሚት ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አምጡት። ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ የሲሚንቶ ደረጃ፣ ለአየር ተብሎ የተከፈተ በር። ከዚህም በላይ ዎከሩ ልጁን ከፍ ያደርገዋል፤ ትናንት የማይደርስበት የጀበና እጀታ ዛሬ እጁ ላይ ነው።

ቶሎ ያስኬዳል የሚለውስ? ዎከር ላይ ያለ ሕፃን የሚገፋው በእግሩ ጣት ነው፤ ሚዛን መጠበቅን አይማርም። እንዲያውም መራመድን ሊያዘገይ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ለመራመድ የሚረዳው መሬት ላይ መዳህ፣ ይዞ መነሳት፣ መውደቅ፣ እንደገና መነሳት ነው።

እውነቱን ለመናገር ዎከር የሚወደድበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እናትየው ብቻዋን ናት፣ ወጥ መሥራት አለባት፣ ልጁን የምታስቀምጥበት ትፈልጋለች። ይህ ሊናቅ የማይገባው ችግር ነው። ግን መልሱ መንኮራኩር የሌለው ነገር ነው፦ ወፍራም የወለል ምንጣፍ፣ ለደረጃውና ለማዕድ ቤቱ የሚገጠም አጥር፣ ወይም የእናቶቻችን አንቀልባ። ልጁ ጀርባ ላይ ሲታዘል እግሮቹ ተከፍተው ይይዛሉ፤ ይህ አቀማመጥ ለዳሌ አጥንቱም ይመቻል። ፊቱ እንዳይሸፈን ብቻ ተጠንቀቁ። እሳት አጠገብ ስትሠሩ ደግሞ ልጁን አትዘሉት።

ፓውደሩ፣ ጡጦው፣ ማሩ

«ምን ልግዛ?» ብሎ የጨነቀው ሰው የሚያነሳው ሳሙና፣ ሎሽንና ፓውደር የተደረደረበትን ሳጥን ነው። ፓውደሩን ተዉት። ደቃቁ ዱቄት ሲነሰነስ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሕፃኑ ይተነፍሰዋል፤ ሳንባውን ይጎዳል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ከታልክ የተሠራውን የሕፃናት ፓውደር በመላው ዓለም መሸጥ እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቆ በ2023 አቁሟል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2024 ታልክን «ለሰው ካንሰር አምጪ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ» በሚለው ምድብ አስገብቶታል። የሕፃን ቆዳ ንጹህ ውኃና ለስላሳ ፎጣ ይበቃዋል።

ጡጦና የቆርቆሮ ወተትም በስጦታ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይላል፤ የወተት ምትክ ማስታወቂያን የሚገድበውን ዓለም አቀፍ ደንብ ያጸደቀውም እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። ሐኪም አዞላት ወይም ሁኔታዋ አስገድዷት ቆርቆሮ የምትጠቀም እናት አትወቀስም። ነገር ግን ገና ያልወለደች ሴት ጠረጴዛ ላይ ቆርቆሮ ስናስቀምጥ «አይበቃሽም» ብለናታል ማለት ነው። እሷ ሳትጠይቅ አትስጡ።

ማርስ? ለአራሷ ይሁን፣ መልካም ነው። ሕፃኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው ግን ጣት ነክሮ ማቅመስም አይገባም፤ ማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

ከሣጥን የወጣ የቤተሰብ ጋቢ ወይም የሕፃን ልብስ የምትሰጡም ናፍታሊኑን አስቡት። ሽታው ራሱ መርዝ ነው፤ በዘር ምክንያት ደማቸው ለዚህ የተጋለጠ ሕፃናት ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይፈርስና ቢጫ ይሆናሉ። ናፍታሊን የነካው ልብስ ለአራስ ቤት አይሆንም።

መጫወቻውና ፊኛው

መጫወቻ ስትገዙ አንድ ቀላል መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። ዓለም አቀፉ የትናንሽ ክፍሎች መፈተሻ ሲሊንደር ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ቤት ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው የሶፍት ጥቅልል መሃሉ ነው። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር፣ ዓይንም ሆነ ቁልፍ ወይም ጎማ፣ የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

የሚዘምርና የሚበራ መጫወቻ ከሆነ ገልብጡት። የባትሪው ክዳን በብሎን ታስሯል? ካልታሰረ መልሱት። ሳንቲም የምትመስለው ክብ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። ልጅ እንዲህ ያለ ባትሪ ውጦ ከሆነ «ይወጣል» ተብሎ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል!

የፊኛው ቅስትስ? ለነፍሰ ጡሯ ምንም አይደል፤ ለተጋባዥ ልጆች ግን የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ በጣም አደገኛ ነው። ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ ቅርፁን ይቀይራል፣ በቀላሉ አይወጣም። ድግሱ ሲያልቅ ቁርጥራጩ ይለቀም።

ካር ሲት፦ ጥሩ ስጦታ፣ ለማን?

የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት የመኪና መቀመጫ የጨቅላዎችን ሞት እስከ 71 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ በወጉ ከተመረጠ ከስጦታዎች ሁሉ የበላይ ነው። ግን ጠይቁ፦ ቤተሰቡ መኪና አለው? የኋላ ወንበሩ ሙሉ ቀበቶ አለው? በሚኒባስ ለሚሄድ ቤተሰብ የተሰጠ ካር ሲት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል።

ከተገኘ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በኋላ ወንበር ይታሰር፤ ኤርባግ ካለው የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ። የተጋጨ ወይም ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ መቀመጫ አትስጡ፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ማንም ያልጠቀለለው

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን ደረስን። ከጠረጴዛው ዓይናችሁን አንሱና ክፍሉን ተመልከቱ። ጥግ ላይ ቡና ይፈላል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ «ብርድ ይመታታል» ተብሎ። ከወለደች በኋላም ያው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ከሰሉ ወደ አራሷ ክፍል ይገባል።

ከሰል ሲነድ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ሕፃን ከአዋቂ ፈጥኖ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይሞላዋል፤ በማኅፀን ያለው ጽንስም አያመልጥም። ሰዎች ራስ ምታቱን «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» ይላሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በባትሪ የሚሠራ፣ በመዳፍ የሚያዝ ዕቃ ነው። ከውጭ የምትመጡ፣ ከሻንጣው አንድ ትራስ አውጡና ይህን አስገቡ። የጭስ ማንቂያ ግን እንዳይመስላችሁ፤ ሁለቱ ይለያያሉ። እዚሁ ለምትገዙ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ተከፍቶ ይፈላ። ልጁ መዳህ ሲጀምር ደግሞ ያው ረከቦት ወለል ላይ ነው፤ ትንንሽ ልጆችን ከሚያቃጥሉ ነገሮች ዋነኛው ትኩስ ፈሳሽ ነው። የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ሥራ እንዳይበዛበት ረከቦቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ያልተጠቀለለ ነገር ፀሐይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉትን ጥናት «ላንሴት» ላይ አሳተሙ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት ውስጥ በ210ዎቹ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ተገኘ፤ ከማይታመሙት 500 ውስጥ ግን በ20ዎቹ ብቻ። በ13 ወር ፀሐይ አገር! ልጅ ተጀቡኖ ስለሚያድግ ነው። የቦሌ አፓርታማ ደግሞ አዲስ እንቅፋት ጨምሯል፤ መስታወት ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር አያሳልፍም። በመስኮት የገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ አጥንት አያጠነክርም። ስለ ቫይታሚን ዲ ጠብታ ሐኪሟን እንድትጠይቅ ማስታወስ ራሱ ስጦታ ነው።

ታዲያ ምን እንስጥ?

ከመግዛታችሁ በፊት አራት ጥያቄ ይበቃል። ሕፃኑ ሲተኛ አጠገቡ ይሆናል? ሊውጠው ወይም አንገቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል? ከፍ ያደርገዋል ወይም ያንቀሳቅሰዋል? ይህ ቤት፣ ከነደረጃውና ከነከሰሉ፣ ይህን ዕቃ ይፈልጋል? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «አዎ» ከሆኑ ደግማችሁ አስቡ፤ አራተኛው «አይ» ከሆነ ተዉት።

አንድ ትልቅ ነገር እንዳይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ዋነኞቹ ምክንያቶች ያለጊዜ መወለድ፣ ሲወለዱ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። በሪባን የሚታሰር ምንም ዕቃ እነዚህን አያስቀርም። በሰዓቱ ሆስፒታል መድረስ ግን ብዙ ያስቀራል።

ስለዚህ አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ አዋጡና የሌሊት ታክሲ ገንዘብ በፖስታ ስጧት። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባት ቀን የሚያደርሳት ሰው ተመደቡ። አንዳችሁ ገንፎውን፣ አንዳችሁ የልብስ አጠባውን ያዙ። ከወሊድ በኋላ ደም ከበዛባት፣ ልጁ አልጠባ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ «እስኪ ይደር» የማይል ሰው አጠገቧ ይኑር።

ድግሱን የምታዘጋጁም ሥራ አለባችሁ። ነፍሰ ጡሯን አስቀድማችሁ ጠይቁና የምትፈልገውን በግብዣው ላይ ጻፉ፤ በልመና አይቆጠርም። ይሉኝታውን ከእሷ ላይ አንስታችሁ እናንተ ተሸከሙት። ኬኩና ፎቶው ይቅር አላልንም። ከክምሩ ውስጥ ዎከሩ ወጥቶ የደረጃው አጥር ይግባ ነው ያልነው።